ካርቶኑ ላይ የቀረው 220 ዋት

የተቃጠለው ሽቦ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቡና ስኒው አጠገብ ተጋድሟል። ርዝመቱ ክንድ ቢሆን ነው። ቀይ የነበረው ልባሱ ከስሎ እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል፤ በተሰነጠቀበት በኩል የጠቆረ መዳብ ይታያል። ሹፌሩ ካለፈው የካቲት ጀምሮ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ይዞት ሲዞር ከርሞ ዛሬ እንደ ማስረጃ አቅርቦታል።

«አፍዴራን አልፈናል፤ ጨልሟል» ብሎ ጀመረ። አራት እንግዶች ጭኗል። ፖርቶ መጋላው ላይ የተገጠመችው አዲሷ የኤልኢዲ ባር በረሃውን ቀን አስመስላዋለች። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ከእንግዶቹ አንዷ ምግብ ያረረ መስሏት ኋላ ያለውን ሳጥን ከፍታ አየች። ቀጥሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። ማብሪያውን አጠፋ፤ ጭሱ አልቆመም። ሞተሩን አጠፋ፤ አሁንም አልቆመም። በመጨረሻ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ከባትሪው በቀጥታ የተነሳውን ሽቦ ሽንኩርት በሚከትፉበት ቢላዋ በጠሰው።

ኤሌክትሪሻኑ ሽቦውን አንስተው በመነጽራቸው ሥር አገላበጡት። ስድሳን ያለፉ፣ ጣታቸው የሽቦ ጫፍ የወጋው ጠባሳ የሞላበት ሰው ናቸው። ከተለማማጁ እስከ ባለ ጋራዡ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ፊውዙ የት ነበር?»

«ፊውዝ አልነበረውም፣ ጋሼ።»

«ነበረው እንጂ። ፊውዙ አንተ ነበርክ።»

ተለማማጁ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነሐሴ መገባደጃ ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ብዙ በማይርቀው በዚህ ጋራዥ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መደማመጥ ያስቸግራል። ለአስጎብኚ ሹፌሮች ግን የዝግጅት ወቅታቸው ይኸው ነው። አፋር ሙቀቱ በረድ የሚለው ከኅዳር እስከ የካቲት ስለሆነ፣ ባሌስትራ የሚታየውም፣ ጎማ የሚቀየረውም፣ መብራት የሚገጠመውም በክረምት ነው። ዛሬ የቆመችው ነጭ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት። ዘሯ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ማምረት ከጀመረውና እስከ ዛሬ ቅርጹን ብዙም ካልለወጠው ከሰባዎቹ ተከታታይ ይመዘዛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው እንደ እርሻ በሬው ነው የሚንከባከበው። ሹፌሩም ሲያወራ አንዱ እጁ ከኮፋኖው ላይ አይነሳም።

በጨለማ መንዳት ለምን አስፈለገ? ሲባል መልሱ ሙቀት ነው። በደናክል ዝቅተኛ ቦታ የምትገኘው ዳሎል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ፣ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ፣ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። እንግዳን በእኩለ ቀን ይዞ መጓዝ ቅጣት ነው። ስለዚህ ጉዞው ወደ ማምሻው ይገፋል፤ ኤርታ አሌን የሚወጡትም ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ነው የሚወጡት። ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስደው የመጨረሻው ክፍል በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ስለሚያልፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሰዓታት ይበላል። እዚያ ሹፌር የሚያስፈልገው መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አይደለም፤ መንገድ የሚባል ነገር የለምና። የሚቀጥለው ድንጋይ ጎማውን ይሸከመው ወይም ይቅደደው እንደሆነ ነው ማወቅ ያለበት።

ሜዳው ላይ ሲደረስ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ግመል አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄዷል። በጠጠር ላይ መኪናው እስኪቆም ደግሞ ሌላ 55 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ሲደመር ዘጠና ሜትር ይጠጋል። የተለመደው አጭር መብራት ግን በደንብ የሚያሳየው ወደ 60 ሜትር ቢሆን ነው። በቀሪው 30 ሜትር ውስጥ ግመሉም፣ ባለ ግመሉም፣ መኪናውም ዕጣቸው አንድ ነው። ተጨማሪ መብራት ጌጥ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ሠርተውት አያውቁም። በሌላ በኩል ጌጥ አድርገው የሚገጥሙትም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ቦሌ መንገድ ላይ ፖርቶ መጋላው በመብራት ተሸልሞ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ መኪና ስንቱን አይተናል።

ሹፌሩ በጨርቅ የጠቀለላትን ባር ፈታ። ከእሳቱ ተርፋለች። ካርቶኗንም አልጣለውም፤ በትልቁ «300 ዋት» ይላል።

ጋሼ ካርቶኑን አንብበው ምንም አልተናገሩም። ባሯን ወፍራም ሽቦ አስይዘው ከጋራዡ ባትሪ ጋር አገናኙና፣ ሽቦውን እንደ ጉጠት አቅፎ የሚለካውን መለኪያ አጠለቁበት። ጋራዡ ነጭ ሆነ፤ ሁላችንም ፊታችንን ሸፈንን። እሳቸው ብቻ ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው ቁጥሩን ለተለማማጁ አሳዩት።

«ስንት ይላል?»

«ስድስት ነጥብ አንድ አምፔር።»

«ባትሪው?»

«አሥራ ሦስት ቮልት።»

«አባዛዋ።»

ልጁ በስልኩ አባዛው። ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት።

«ሰማንያ በለው» አሉ ጋሼ። «ቀሪው 220 ዋት ካርቶኑ ላይ ቀርቷል።»

ይህ ማጭበርበር ያገር ቤት ፈጠራ አይደለም። በርካሽ ገበያ የሚሸጡ የኤልኢዲ መብራቶች ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያሉት ቺፖች አንድ በአንድ ሊሸከሙት የሚችሉት ከፍተኛ መጠን በቁጥራቸው ተባዝቶ ነው። በተግባር ግን በዚያ መጠን ቢሠሩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚቃጠሉ ፋብሪካው ራሱ በትንሹ ነው የሚያሠራቸው። እውነተኛ 300 ዋት ቢሆን ኖሮ በ13 ቮልት 23 አምፔር ይጎትት ነበር። ዋት ደግሞ የሚነግረን መብራቱ ምን ያህል እንደሚበላ እንጂ ምን ያህል እንደሚያበራ አይደለም። የድሮው ኤች4 ሃሎጅን አምፖል በረጅሙ መብራት 60 ዋት በልቶ ወደ 1,650 ሉመን ይሰጣል፤ ቀሪው ሙቀት ነው። ደህና ኤልኢዲ በዚያው 60 ዋት የዚህን ሦስት እጥፍ ቢሰጥ አይገርምም።

ኤልኢዲ አዲስ ይመስላል እንጂ ዘሩ የቆየ ነው። ለዓይን የሚታየውን ቀዩን ኒክ ሆሎንያክ በአሜሪካ ያበራው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል ግን የሬዲዮና የካልኩሌተር ጠቋሚ ከመሆን አላለፈም፤ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው ያስፈልግ ነበርና። ሰማያዊውን ያበሩት ሦስቱ ጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ዛሬ ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በእውነቱ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ሰማያዊ ቺፕ ነው። ይህን ለተለማማጁ ስነግረው ባሯን አንስቶ በመስታወቷ ውስጥ አጮልቆ አየና፣ «እውነትም የእንቁላል አስኳል ይመስላል» አለ።

የጋሼ ትኩረት ግን ከመብራቱ ይልቅ ሽቦው ላይ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ሽቦ ሲናገሩ አረፈዱ፤ ልክም ነበሩ።

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ በእጅ ቢነኩት አይነዝርም። ነገር ግን ቮልቱ ትንሽ በሆነ መጠን አምፔሩ ብዙ ይሆናል፤ ሽቦን የሚያግለውም አምፔር ነው። ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በስህተት ከተገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል። በሹፌሩ መኪና የሆነውም ይኸው ነው። ሽቦው ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ቆርቆሮ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ያለ ጎሚኒ፣ ያለ ላስቲክ መከለያ፣ እንዲሁ አልፏል። የአፋር ንዝረት ለወራት ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር አፋጨው። ልባሱ አልቆ መዳቡ ቆርቆሮውን በነካበት ቅጽበት ባትሪው ከራሱ አካል ጋር ተገናኘ። ማብሪያው ከዚያ ቦታ በኋላ ስለነበር ማጥፋቱ ምንም አልፈየደም።

ፊውዝ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ መብራቱን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ሆን ተብሎ ከሽቦው ይልቅ ደካማ ሆኖ የተሠራ፣ ቀድሞ እንዲሞት የተፈረደበት ቁራጭ ብረት ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ጫፍ ከስንዝር መራቅ የለበትም። ከባትሪው አንድ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ያ አንድ ሜትር ሽቦ ጠባቂ የለውም ማለት ነው።

ቀጥሎ ውፍረት። ጋሼ ሁለት ጥቅልል ሽቦ አወጡ፤ አንዱ የመስቀለኛ ገጹ ስፋት 1 ካሬ ሚሊሜትር፣ ሌላው 4። ከባትሪ እስከ ፖርቶ መጋላ አምስት ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ አሥር ሜትር ነው። በዚያ ላይ 10 አምፔር ቢሄድ ቀጭኑ ሽቦ 1.75 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይበላል፤ ወፍራሙ ግን ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። በድሮው ሃሎጅን ይህ ስርቆት በዓይን ይታይ ነበር፤ ቮልቱ አሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ሠላሳ በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ፊቱም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ኤልኢዲ ግን ይደብቀዋል። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የጎደለውን ቮልት በተጨማሪ አምፔር ይተካዋል፤ መብራቱ እንደ ፈካ ሽቦው ይበልጥ ይግላል። የሹፌሩ ባር የመጨረሻዋን ሌሊት ቀን አስመስላ ያበራችው እንዲህ ሆና ነው።

«መብራቱ ደህና ነው ሲሉህ ሽቦውን በእጅህ ዳብሰው» አሉት ጋሼ ተለማማጁን። «ከሞቀህ ደህና አይደለም።»

ከሰዓት በኋላ ሥራው ተጀመረ። ሹፌሩ ሁለት ትንንሽ ክብ ፓውዛዎች ጨምሯል፤ እያንዳንዳቸው በመለኪያው 36 ዋት ወጡ፤ ካርቶናቸውም 36 ነው የሚለው። ጋሼ ቁጥሩን ሲያዩ እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ በጭንቅላታቸው አጸደቁት። ሁለቱ ከፊት፣ ከፓራውልቱ በላይ ካለው የመከላከያ ብረት ላይ ይቀመጣሉ።

ማብሪያው ውስጥ ብዙ አምፔር እንዳያልፍ ሪሌ ይገባል። ሪሌ በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያዝ ማብሪያ ነው፤ አራት እግሮቹ ላይ 30፣ 87፣ 85፣ 86 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል ይቀበላል፤ 87 ወደ መብራቱ ይልካል። 85ና 86 በውስጡ ላለው የመዳብ ጥምጥም ናቸው፤ እሱ ከአንድ አምፔር ሩብ በታች ብቻ ስለሚፈልግ ወደ ጋቢና የሚገባው ሽቦ ቀጭን ቢሆን ችግር የለውም። ወፍራሙና አደገኛው ከሞተር ክፍሉ አይወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ተለማማጁም ገባበት። ጋሼ ፓውዛዎቹ ከረጅሙ መብራት ጋር ብቻ እንዲበሩ፣ ሹፌሩ ወደ አጭር ሲመልስ አብረው እንዲጠፉ ነው የፈለጉት። ልጁ ከረጅሙ መብራት ፖዘቲቭ ላይ ሽቦ ጠልፎ 86 ላይ አሰረ፤ 85ን ከመኪናው አካል፣ ጋራዥ ቤት «ማሳ» ከሚሉት፣ ጋር አገናኘ። መብራቱን ሲያበሩ ፓውዛዎቹ በሩ፤ ወደ አጭር ሲመለስም አልጠፉም። ልጁ ሪሌውን ሁለት ጊዜ ቀየረ። ጋሼ ስኒያቸውን ይዘው ቆመው አዩት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በነዚህ በቆዩ ላንድክሩዘሮች የፊት መብራት ፖዘቲቩ ለአጭሩም ለረጅሙም የጋራ ነው፤ የመሪው ሥር ማብሪያ የሚከፍተውና የሚዘጋው የመመለሻውን፣ የማሳውን መስመር ነው። በሌላ መኪና ላይ የለመደ ሰው ፖዘቲቭ ፍለጋ ይደክማል። መፍትሔው 86ን ከጋራው ፖዘቲቭ፣ 85ን ደግሞ ረጅሙ ሲበራ ብቻ ማሳ ከሚያገኘው መስመር ጋር ማገናኘት ነው። ልጁ ሽቦዋን አንዲት ጣት ያህል ርቀት አዛወራት፤ ሠራ። «ለሃያ ዓመት ያልገባቸው አሉ፤ ላንተ በሃያ ደቂቃ ገባህ» ተባለ። ከጋሼ አፍ ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ብቸኛ ሙገሳ ነው።

የቀረው ጥንቃቄ ለአፋር ሲባል የተደረገ ነው። በአሳሌ ጨው ሜዳ ላይ የሄደ መኪና ከሥሩ ጨው ለብሶ ይመለሳል፤ ጨውና እርጥበት የተላጠ መዳብን አረንጓዴ ዱቄት ያደርጉታል። ስለዚህ ናስትሮ ጠቅልሎ መሄድ የለም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት ተኮማትሮ የሚጣበቅ ቱቦ ለበሰ። ማሳ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፋቀ፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ግሪስ ተቀባ። ቆርቆሮው ላይ አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም፤ ፋብሪካው ራሱ ሽቦ ባሳለፈበት ጎሚኒ በኩል ገባ። መብራቶቹ ላይ «አይፒ67» ይላል፤ ስድስቱ አቧራ አያስገባም፣ ሰባቱ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ሆኖም የጋለ መብራት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ በድንገት ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውኃ ሊስብ ስለሚችል ወንዝ ከመሻገር በፊት አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ይህን ሹፌሩ ያውቀው ነበር፤ ከማን እንደሰማው ግን አያስታውስም።

ጭቅጭቁ የተነሳው ባሯ ላይ ነው።

«ጣራ ላይ ትመለስልኝ፣ ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ከፍ ባለች ቁጥር ርቃ ታያለች።»

«እሷ ናት የምታየው ወይስ አንተ?»

ለማሾፍ አልነበረም። ብርሃን ከዓይን ከፍታ አጠገብ ሲነሳ የነገሮች ጥላ ከራሳቸው ከነገሮቹ ኋላ ይደበቃል። ጉድጓዱም፣ ድንጋዩም፣ ጎርፍ የቦረቦረውም ሁሉ ልሙጥ ሜዳ መስሎ ይታያል። ብርሃኑ ከታች፣ ከጉልበት ከፍታ ሲመጣ ግን ጠጠሯ እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች፤ ዓይን ጎድጓዳውን የሚያነበው በጥላው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት ላይ ያለው እያንዳንዱ ጉብታ ጎልቶ እንደሚታይና በእኩለ ቀን እንደሚጠፋ ማለት ነው። በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት የጎማ ዋጋ አለው።

ርቀትም ቢሆን በከፍታ ብቻ አይገዛም። ብርሃን እየራቀ በሄደ መጠን በርቀቱ እጥፍ እጥፍ ስለሚሳሳ፣ አንድ መብራት ከሚደርስበት ሁለት እጥፍ ርቆ ለማየት ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። ጠቃሚው ብርሃኑን በጠባብ አንግል መሰብሰብ ነው፤ ባሯ ግን በሰፊው የምትበትን ዓይነት ናት። በዚያ ላይ የመኪናዋን ኮፋኖ ታበራለች፤ ነጭ ኮፋኖ ደግሞ መልሶ ሹፌሩን ያጥበረብረዋል።

በመጨረሻ ተስማሙ። ባሯ ጣራ ላይ ትመለሳለች፤ ግን ከፖርቶ መጋላው ጠርዝ ወደ ኋላ ተስባ፣ የራሷ ፊውዝ፣ የራሷ ሪሌና የራሷ ማብሪያ ኖሯት፣ ድንኳን ሲተከልና እራት ሲሠራ ብቻ እንድትበራ። ይህም ቢሆን ነጻ አይደለም። ሞተር በጠፋበት አራት ሰዓት ብትበራ ከባትሪው 24 አምፔር ሰዓት ትጠጣለች፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተሪኖው ሲያቃስት ይሰማል። ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያስወጣውም ከጀርባው ባሉት ክንፎች በንፋስ ስለሆነ፣ የቆመ መኪና ላይ፣ ንፋስ በሌለው የደናክል ምሽት፣ ክንፎቹ አቧራ ጠግበው ስትበራ ዕድሜዋ ያጥራል። ሹፌሩ ሁሉንም ሰምቶ «ግን ታምራለች» አለ። ጋሼ አልተከራከሩም። እውነት ለመናገር ታምራለች።

ሲመሽ መኪናዋን ከግድግዳው አሥር ሜትር አርቀው አቆሟት። ጋሼ የፓውዛዎቹን ከፍታ ከመሬት ለክተው በግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ በጠመኔ መስመር አሰመሩ። የብርሃኑ ማዕከል ከመስመሩ ጥቂት ጣት ዝቅ እስኪል ድረስ ብሎኑን ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ። የግራው ፓውዛ በትንሹ ወደ ቀኙ የመንገድ ዳር ዞረ፤ ከኛ በተቃራኒ የሚመጣው ሰው በግራ በኩል ነውና። መኪናው ውስጥ አራት ሰው ሆነን እንድንቀመጥ አደረጉን። እንግዳና ዕቃ ሲጫን የኋላው ባሌስትራ ይወርዳል፤ አፍንጫዋ ይነሳል፤ ባዶ መኪና ላይ የተስተካከለ መብራት ጭነት ሲኖረው ሰማዩን ነው የሚያበራው። እኔ የጭነት ሚና በመጫወቴ አልተከፋሁም።

ለሙከራ ወደ ሱሉልታ ወጣን። እንጦጦን ስናልፍ ጉም ወረደ፤ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍቷል፤ የድሮ ዘፈን ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን በእርሻ መሃል በሚያልፍ ጥርጊያ ላይ ጥቂት ከሄድን በኋላ ጋሼ «እስኪ ባሯን አብራት» አሉ።

አበራት። መንገዱ ጠፋ። ከኮፋኖው በፊት ወተት የተሞላ ግድግዳ ቆመ፤ እያንዳንዷ የጉም ጠብታ ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ዓይናችን መለሰችው። አፋር ላይ አቧራ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ከፊት ሌላ መኪና ካለ ይበልጡን። ዘፈኑም ጠፍቶ ሬዲዮኑ እንደ መጥበሻ መንጨርጨር ጀመረ። ርካሽ የኤልኢዲ መቆጣጠሪያ ኃይሉን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያሳልፍ ራሱ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ይሆናል። ጋሼ አንድ ጊዜ የረድኤት ድርጅት መኪና የመገናኛ ሬዲዮ ተበላሸ ተብሎ መጥቶላቸው ጥፋቱን እንዲህ ካለ መብራት ላይ እንዳገኙት ነገሩን።

ሹፌሩ ሳይታዘዝ አጠፋት። ዘፈኑ ተመለሰ። በፊቶቹ ፓውዛዎች ብቻ፣ ከጉሙ ሥር፣ መሬቱ ታየ፤ የጋሪ ጎማ የሄደበት መስመር፣ የድንጋዮቹ ጥላ ወደ ፊት ተኝቶ። ፍጥነቱን ቀነሰና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ነዳ።

ስንመለስ አስፋልቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና መጣ፤ ጣራው ላይ ከኛ የምትረዝም ባር በርታለች። ሹፌሩ ወደ አጭር መለሰ፤ ረጅሙም ፓውዛዎቹም አብረው ወደቁ። ያኛው አልመለሰም። ሹፌሩ ብልጭ አደረገለት። አልመለሰም። እንዲህ ያለ ብርሃን ከተመታ በኋላ ዓይን መልሶ ለማየት ሦስት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ60 የሚነዳ ሰው 50 ሜትር በዕውርነት ይሄዳል። እኛም እንደዚያ ነበርን።

የሹፌሩ ቀኝ እጅ ከመሪው ወርዶ ወደ አዲሷ ማብሪያ ሄደ፤ የጣቱ ጫፍ ነክቷታል። ጋሼ ወደ እሱ ሳይዞሩ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እንደሸፈኑ፣ «ዘፈኑን አታበላሽብን» አሉ።

ከባዱ መኪና በአጠገባችን እያጓራ አለፈ። እጁ ወደ መሪው ተመለሰ።